ከእራት በኋላ የሚሞላ

የከተማችንን ስም የማልጠራው ጠፍቶኝ አይደለም። ከተማችን ስሟ ሲነሳ አትወድም፤ በተነሳ ቁጥር ማን አነሳው የሚል ኮሚቴ ይቋቋማል። ስለዚህ ወንዝ ዳር ያለች፣ ላይኛው ሠፈርና ታችኛው ሠፈር ያላት ከተማ ናት ብዬ ልለፈው። ሰዎቿ ደጎች ናቸው። እምቢ ማለት ስለሚከብዳቸው ነገ ይላሉ። አናጢው ነገ ይላል፤ ዳኛው ነገ ይላል፤ አንድ ሙሽራ እንኳ ሚዜዎቹን ደጅ አቁሞ "ለነገ ብናደርገው ምናለ?" ብሎ ሠርገኛ ያሳደረበት ጊዜ አለ።

የክንውን መሥሪያ ቤት የተቋቋመው ይህን ጠባይ ለማቃናት ነው። ሕጉ ቀላል ነበር። መስከረም ሲጠባ እያንዳንዱ ቤትና እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የዓመቱን ዕቅዱን ያስመዘግባል። ጳጉሜን ላይ ሕዝቡ አደባባይ ይሰበሰብና የእያንዳንዱ ውጤት ከመቶ ስንት እንደሆነ በድምፅ ማጉያ ይነበባል። ከሰማንያ በላይ ያመጣ ዳስ ውስጥ ጥላ ላይ ይቀመጣል፤ ያላመጣ ፀሐይ ላይ። እውነቱን ለመናገር ከተማው በሞላ ፀሐይ ላይ ነበር። ዳሱ ውስጥ የሚቀመጡት የክንውን ሹሙ አቶ ልሳነወርቅና ጥቂት ዘመዶቻቸው ብቻ ነበሩ፤ የእሳቸውን ውጤት የሚያሰሉት እሳቸው ራሳቸው ስለሆኑ ስሌቱ ላይ ስህተት ተገኝቶ አያውቅም።

ፀሐይ ላይ ከሚቀመጡት አንዷ ይታክቱ ነበረች። ይታክቱ ጠራዥ ናት። ማተሚያ ቤት ውስጥ የደረሰኝ ጥራዝ ስትሰፋ ብዙ ዓመት ኖረች። በኋላ ማተሚያ ቤቱ በሩ ላይ "ነገ እንከፍታለን" የሚል ወረቀት ለጥፎ ተዘጋ፤ ወረቀቱ ፀሐይ በልቶት እስኪነጣ ድረስ የከፈተ የለም። ይታክቱም መርፌዋንና የሙጫ ቆርቆሮዋን ይዛ ቤቷ ገባች።

ያን ዓመት ጳጉሜን ላይ፣ ነጠላዋን ግንባሯ ላይ ጥላ ጥሪውን ስትጠብቅ፣ አንድ ነገር ታዘበች። በየሰዉ እጅ ከውጭ የመጣ አጀንዳ አለ። አጠገቧ ካለው ሰው ተውሳ ብትገልጠው ጳጉሜን የለችም። ሰው ሁሉ የሚገመገምባት ወር በማንም አጀንዳ ውስጥ የለችም።

"ታዲያ እንዴት ይሳካልን!" አለችው ባሏን።

ባሏ አንዳርጌ ግንበኛ ነው። የሰውን ግንብ እንደ ክር ቀጥ ያደርጋል፤ ለይታክቱ የሥራ ክፍል መስኮት ሊከፍትላት ቃል የገባው ግን ከሠርጋቸው ማግስት ጀምሮ ነው። "አንቺ አጀንዳ ሥሪ፣ እኔ መስኮቱን እከፍትልሻለሁ" አላት። የዚያን ዓመት ውጤታቸው ከመቶ አሥራ አንድ ተብሎ ሲነበብ ሁለቱም አልሰሙም፤ ስለ ወረቀት እያወሩ ነበር።

ይታክቱ የመጀመሪያውን ናሙና የሠራችው አንዳርጌ ባዶ ካደረገው የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ነው። እሱ ላይ ቦታውን ለካች፤ ለጠዋት ስንት መስመር፣ ለከሰዓት ስንት፣ ለበዓላት የት ላይ ምልክት እንደሚደረግ፣ የሴት ቦርሳም የወንድ የደረት ኪስም እንዲችለው ስፋቱ ምን ያህል መሆን እንዳለበት። ከዚያ ወረቀት ፍለጋ ገበያውን አዳረሰች። ባለሱቆቹ ፊት እስክሪብቶ አውጥታ ትጭርና ቀለሙ ወደ ኋላ ገጽ ካለፈ ወረቀቱን ትመልሳለች፤ በመጨረሻ ሲያዩዋት እስክሪብቷቸውን ራሳቸው ያቀብሏት ጀመር። ለጳጉሜን ከሌሎቹ ወሮች እኩል ሰፊ ሰፊ ገጽ ሰጠቻት። ሁለት ዕልባት አደረገችለት፤ አንዱ ለዛሬ፣ አንዱ ለነገ።

ለሽፋኑ ጨርቅ የሰጠቻት እልፍነሽ ናት። እልፍነሽ ታችኛው ሠፈር ወንዙ ዳር ከልጇ ከትርንጎ ጋር የምትኖር ልብስ ሰፊ ናት፤ የይታክቱ የልጅነት ጓደኛ። የቀሚስ ቁርጥራጭ በከረጢት ተሸክማ መጣችና ያለቀውን አጀንዳ አገላብጣ አየችው።

"ይሄማ ጌጥ ነው። ምን ይደረግበታል?"

"የምትሠሪውን ትጽፊበታለሽ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ትሠሪዋለሽ።"

"ሁለቴ ልድከም?" አለች እልፍነሽ። ቢሆንም አንዱን ወሰደች፤ ሽፋኑ ከራሷ የቀሚስ ቁራጭ ስለተሠራ አሳዘናት።

አጀንዳው ለከርሞው እንቁጣጣሽ ገበያ ወጥቶ ያለቀው በዓሉ ሳይደርስ ነው። ሰው እየዳሰሰ ገዛው፤ ጳጉሜንን ሲያይ "እሰይ፣ አስታወሱሽ!" እያለ ገዛው። ይታክቱ እንደዚያ ያለ ደስታ አይታ አታውቅም። ማታ ማታ አንዳርጌም የራሱን ገልጦ "ነገ፦ መስኮት" ብሎ በጥሩ ጽሕፈት ይጽፍ ነበር።

ጥቅምት ላይ አጀንዳው መመለስ ጀመረ። መጀመሪያ የመጣችው እልፍነሽ ናት፤ የተበላሸ ሰዓት ለጠጋኝ እንደሚሰጥ ሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"አይሠራም" አለች።

"ምኑ ነው የማይሠራው?"

"ለሐሙስ የወይዘሮዋን ቀሚስ ብዬ ጻፍኩ። ሐሙስ መጣ፣ ቀሚሱ አልመጣም። ድሮ ቢያንስ እረሳው ነበር። አሁን ገልጬ ባየሁት ቁጥር ይሰድበኛል።"

ከእሷ ኋላ ሌሎችም ተሰልፈዋል። አናጢው የእሱ አጀንዳ ሰኞን አያሠራም አለ። አንድ መምህር መስመሮቹ የተንኮል መስመሮች ናቸው አሉ። አንዳርጌ ደግሞ "ነገ፦ መስኮት" የሚለው ዓረፍተ ነገር ከገጽ ገጽ ሲደጋገም እያየ ከሰው ፊት መራቅ ጀመረ፤ እራቱን በዝምታ በልቶ ወደ ግድግዳው ዞሮ ይተኛል። የመስኮቱ ግድግዳ መሆኑ ደግሞ ብሶት ጨመረበት።

ይታክቱ ሰውን አዳመጠች። የራሱን ዕቃ የሚሸጥ ሰው የገዢውን ቅሬታ መስማት አለበት ብላ ታምናለች። እንዴት ነው የምትውሉት እያለች ጠየቀች፤ ለካ የከተማው ቀን የሚያልፈው በድንገተኛ ነገር ነው። ለቅሶ ይመጣል፤ እንግዳ ይመጣል፤ የክንውን መሥሪያ ቤት ለምን እንዳልከናወነ ለማጣራት ስብሰባ ይጠራና ቀኑን ይበላዋል። ስለዚህ አዲስ አጀንዳ ሠራች፤ በግራ "ያቀድኩት"፣ በቀኝ "ድንገት የመጣ"። የቀኙን ሰፋ አደረገችው።

ይሄኛውም ተመለሰ። "የቀኙ ይሞላል፣ የግራው እንዳፈጠጠ ይቀራል" አለች እልፍነሽ። "ባዶ ነገር እንዴት እንደሚያይ አታውቂም፤ የአማት ዓይን ነው።"

ይታክቱ ያን ቀን ጣቷን መርፌ ወግቷታል፤ ወረቀቱም ውድ ነበር። ትዕግሥቷ አለቀ።

"እንግዲያው ማታ ማታ ጻፉት!" ብላ ጮኸች። "ከእራት በኋላ! ቀኑ ካለፈ በኋላ ምን እንዳቀዳችሁ ያን ጊዜ ታውቁታላችሁ!"

እልፍነሽ አጀንዳዋን ከጠረጴዛው አንስታ ወጣች። ይታክቱ ጓደኛዬን አስቀየምኩ ብላ ስትጨነቅ ሰነበተች።

በሳምንቱ እልፍነሽ ፊቷ በርቶ መጣች። "እዪልኝ" አለች። ገጹ ላይ እንዲህ ይላል፦ "ዛሬ ላደርግ ያቀድኩት፦ የሙሽራዋን ቀሚስ አለማድረስ። ጎረቤት ለቅሶ መድረስ። ራሴን ማመም።" በእያንዳንዱ አጠገብ ምልክት አለ። "ሁሉም ተሳካ!" አለች። "ሁሉም! ሳላሰልስ አንድ ሳምንት!"

ይታክቱ ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነው የሳቀችው። እልፍነሽ አብራ አልሳቀችም።

ወሬው በከተማው ዞረ። ሰው ቅሬታውን ትቶ ያንኑ የማታውን አጀንዳ ስጪን እያለ በር አንኳኳ። ይታክቱ መጀመሪያ አንገራገረች፤ ግን ወረቀቱ ተገዝቷል፣ ሽፋኑ ተቆርጧል፣ እጇ ደግሞ ሥራ ይወዳል። "ዛሬ ላደርግ ያቀድኩት" የሚል ርዕስ በየገጹ አናት በማኅተም አተመች፤ ከግርጌ በደቃቅ ፊደል "ከእራት በኋላ የሚሞላ"። የነገውን ዕልባት አወጣችው። አሁን ምን ያደርጋል?

አጀንዳው እንደ ትኩስ ዳቦ አለቀ። በከተማው ሰላም ወረደ። አንዳርጌ ማታ እራቱን ጨርሶ እስክሪብቶ ይይዝና "መስኮት አለመክፈት" ብሎ ይጽፋል፤ ምልክት ያደርግበታል፤ ከዚያ ሚስቱን እያየ ያወራል፣ ይስቃል። ይታክቱ ደስ ይላት ነበር። በጨለማው ክፍል ኩራዝ አብርታ ስትሰፋ ብቻ አንዳንዴ መርፌውን ታቆምና ምን እንደጎደለ ለማስታወስ ትሞክራለች።

አንድ ቀን አቶ ልሳነወርቅ ራሳቸው መጡ። ረጅም ናቸው፤ በሩ ላይ ጎንበስ ያሉት ከትሕትና መስሎ እንዲታይ ትንሽ ቆዩበት።

"ወይዘሮ ይታክቱ፣ ይህ ሐሳብ የእርስዎ ነው?"

"ኸረ ጌታዬ፣ ቀልድ ነበር።"

"ቀልድ የሚባለው ሳይጸድቅ ነው" አሉ። "ሲጸድቅ አሠራር ይባላል።" ከዚያም ለመሥሪያ ቤቶች ሁሉ አዘዙ። ሽፋኑ ጠቆር እንዲል፣ ጠርዙ ወርቅማ እንዲሆን፣ የሹም አጀንዳ ከጸሐፊው አጀንዳ በጣት ያህል እንዲሰፋ ነገሯት። ይታክቱ ሁሉንም በጥንቃቄ ሠራች። ቀለሙ ወደ ኋላ ገጽ እንዳያልፍ አሁንም ትሞክር ነበር።

ጳጉሜን ደረሰች። ድምፅ ማጉያው "መቶ፣ መቶ፣ መቶ" እያለ ዋለ። ሕዝቡ በሙሉ ወደ ዳሱ ገባ። ዳሱ ስላልበቃ በከተማው ያለ ሸራ፣ አንሶላና የገበያ ድንኳን ሁሉ ተቀጥሎ አደባባዩ ጨለመ። አቶ ልሳነወርቅ ግን ቅር አላቸው። "ፀሐይ ላይ ሰው ከሌለ ጥላው በምን ይታወቃል?" አሉ። ስለዚህ ፈቃደኞች ተጠይቀው ጥቂት ሰዎች ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። እነሱም ማታ ቤታቸው ሲገቡ "ፀሐይ ላይ መቀመጥ" ብለው ጻፉ፤ ተሳክቶላቸዋልና ማንም አልተከፋም።

እንግዲህ ስለ ካቡ ልናገር። ታችኛውን ሠፈር ከወንዙ የሚለየው የድንጋይ ካብ ነው። ክረምት ይንደዋል፣ በበጋ ሰው ይጠግነዋል። በድሮው ጊዜ በየዓመቱ ካብ ጥገና ይታቀድ ነበር፤ በየዓመቱ ከመቶ ስድሳ ላይ ይቆማል፤ ሰዉም በዚያው ጦስ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። ወንዙ ግን ስለ ዳሱ የሚያውቀው ነገር ስለሌለ ስድሳው ይበቃው ነበር።

በአዲሱ አሠራር ጥር አለፈ፣ የካቲት አለፈ፣ ሚያዝያም አለፈ። ግንቦት ላይ ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር ይታክቱ ባሏን አየችው፤ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ጥርሱን ይፍቃል።

"አንዳርጌ፣ ዘንድሮ ካብ አትወርዱም?"

"ዕቅዱ ውስጥ የለም።"

"መኖሩና አለመኖሩ መቼ ነው የሚታወቀው?"

"ማታ ነዋ" አለ፤ ጥያቄው ገርሞት።

"ማታማ አልወረድንም ብለህ ነው የምትጽፈው።"

"ባንወርድ ነዋ! ብንወርድ ወረድን እላለሁ። እኔ ልዋሽ?"

ይታክቱ ነጠላዋን ለብሳ ክንውን መሥሪያ ቤት ሄደች። አቶ ልሳነወርቅ በክብር ተቀበሏት፤ ወንበር ሳቡላት። ካቡ በሦስት ቦታ መፈራረሱን ነገረቻቸው። እሳቸውም ወርቅማውን አጀንዳ ገልጠው ወደ ኋላ አገላበጡ።

"ካቡን ያለመጠገን ዕቅዳችን በጣም ጥሩ እየሄደ ነው" አሉ። "እስካሁን አንድም ቀን አልተደናቀፈም።"

"ጌታዬ፣ ውኃ ይመጣል።"

"ከመጣ በመጣበት ቀን ማታ እናካትተዋለን። ወይዘሮ ይታክቱ፣ እርስዎ እኮ የዚህ አሠራር እናት ነዎት! እናት ልጇን አትጠራጠርም።"

ከዚያ ወጥታ ቤቷ ስትደርስ ከተረፈው ወረቀት ትልቁን አወጣች። በትልልቅ ፊደል ጻፈችበት፦ "ነገ ጠዋት የካብ ጥገና አለ። ድንጋይ መሸከም የሚችል ይውረድ፤ የማይችል ውኃ ይዞ ይምጣ።" ገበያው መግቢያ ካለው ዋርካ ላይ ለጠፈችው።

ሰው ከቦ አነበበው። እናቶች የልጆቻቸውን ዓይን ሸፈኑ። በከተማው ውስጥ ነገ የሚለው ቃል ከተጻፈ ዓመት አልፎታል፤ ሰው እንደ ብልግና ነበር ያየው። ማግስቱን ጠዋት ካቡ ጋ የተገኘችው ይታክቱ ብቻ ናት። ትንንሽ ድንጋይ ስታነሳ ዋለች። ከሰዓት በኋላ ለሽምግልና ጠሯት።

ሽማግሌዎቹን የሚመሩት አባባ ይርዳው የሚባሉ፣ በእውነተኛነታቸው የተከበሩ አዛውንት ናቸው።

"ልጄ፣ ትናንት ወረቀት ለጥፈሻል?"

"ለጥፌያለሁ፣ አባባ።"

"ነገ የካብ ጥገና አለ ይላል።"

"አዎ።"

"ዛሬ የካብ ጥገና ነበር?"

"ሰው አልመጣም እንጂ..."

"ነበር ወይ ነው የምልሽ።"

"አልነበረም።"

አባባ ይርዳው በኀዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። "ያልሆነ ነገር መጻፍ በአገራችን ምን ይባላል? ሌላ ሰው ቢሆን አይገርመኝም። ግን አንቺ! ሁላችንንም ከውሸት ያወጣሽን አንቺ!"

ፍርዱ ቀላል ሆነላት፤ ባለውለታ ናትና። ወረቀቱን እንድትቀድና በቦታው "ዛሬ የካብ ጥገና አልነበረም" ብላ እንድትለጥፍ አዘዟት። ለጠፈች። ሰው አንብቦ "አሁን ልክ ነው" እያለ አለፈ።

ሐምሌ ገባ። ዝናቡ ሳያባራ ሲሰነብት ይታክቱ ወደ እልፍነሽ ቤት ወረደች። እልፍነሽ የስፌት መኪናዋ ላይ ተጎንብሳለች፤ ልጇ ትርንጎ ቁልፍ ትተክላለች። ውኃው ከካቡ ሥር እየፈላ ከቤቱ ጓሮ ድረስ ይሰማል።

"ተነሺ፣ እኛ ቤት ሰንብቱ" አለች ይታክቱ።

"ይሄን ቀሚስ ሳልጨርስ? ቅዳሜ ሠርግ ነው። በሕይወቴ አንዴ እንኳን በቀኑ ላድርስ።"

"ቀሚሱን እኛ ቤት ትሰፊዋለሽ።"

እልፍነሽ ቀና ብላ አየቻት፤ ሳቀችም። "እሺ በቃ። ነገ እንመጣለን።"

ይታክቱ ነገ የሚለውን ቃል ከሰማች ቆይታለች። ደስ አላት። በዚያው ደስታ ሳትጎትታት ተመለሰች።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ካቡ ተናደ። ውኃው መጀመሪያ በአንዱ ፍርስራሽ፣ ከዚያ በሦስቱም ገባ። ታችኛው ሠፈር በጩኸት ተነሳ፤ ሰው ልጁንና ሽማግሌውን አዝሎ ዳገቱን ወጣ። አንዳርጌ እየሮጠ ወርዶ እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ገባና ሰው ሲያወጣ ዋለ፤ እንደዚያ ሲሠራ ማንም አይቶት አያውቅም። እልፍነሽና ትርንጎም ወጥተው ነበር። ዳገቱ ላይ ሲደርሱ እልፍነሽ ቆመች።

"ቀሚሱ!" አለች።

"እማዬ፣ ተይው!"

"የሰው ልብስ ነው እኮ።" ነጠላዋን ለልጇ ሰጥታ ወረደች። ቤቱ ውስጥ ስትገባ ያያት አለ። ስትወጣ ያያት የለም።

ሲመሽ ሰዉ በሙሉ ላይኛው ሠፈር ትምህርት ቤት ተጠለለ። እርጥብ ብርድ ልብስ፣ የሚያለቅስ ሕፃን፣ ከየቤቱ የተዋጣ ቆሎ። ቆሎው ተበላ። እራት ማለት ያው ነው። ከዚያ አንድ ሰው ከብብቱ አጀንዳውን አወጣ፤ ሌላውም አወጣ። ያልረጠበ እስክሪብቶ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። አናጢው "ቤቴን ለውኃ መስጠት" ብሎ ጻፈ። መምህሩ "በትምህርት ቤት ማደር" አሉ። አቶ ልሳነወርቅ በየክፍሉ እየዞሩ ሰውን ሲያጽናኑ አመሹ፤ "አይዟችሁ፣ መቶ በመቶ ነው" ይሉ ነበር፤ ድምፃቸው ግን እንደ ወትሮው አልሞላም።

ትርንጎ የእናቷን ነጠላ አንገቷ ላይ ጠምጥማ ይታክቱ አጠገብ ተቀምጣለች። ከነጠላው እጥፋት የእናቷን አጀንዳ አወጣች፤ ሽፋኑ ከአሮጌ ቀሚስ የተሠራው ነው። ገልጣ ጭኗ ላይ አደረገችው።

"እትዬ ይታክቱ፣ የእማዬን የዛሬውን ማን ይሞላላት?"

ይታክቱ ነጠላውን አስተካከለችላት።

"እኔ ልጻፈው? ምን ብዬ ልጻፍ? ዛሬ ላደርግ ያቀድኩት..." ብላ ጀመረችና አፏን ያዘች።

"አትጻፊ፣ ልጄ።"

"ባዶ ከቀረ እኮ ዜሮ ይሆንባታል።"

"ይሁንባት።" ይታክቱ አጀንዳውን ከልጅቱ ጭን ወስዳ ዘጋችው። "እናትሽ ይሄን አላቀደችም። ማንም ቢልሽ፣ አላቀደችም።"

ያን ጊዜ ነው ትርንጎ ያለቀሰችው። የእሷን ልቅሶ ሰምቶ አጠገባቸው ያለው ሰው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሌሎቹ ጨርሰው ስለነበር አልሰሙም።

ውኃው ጎደለ፤ የእልፍነሽ ቀብር ተፈጸመ። ይታክቱ ከዚያ በኋላ አንድም አጀንዳ አልሠራችም። መሥሪያ ቤቱ ሌላ ጠራዥ አገኘ፤ የዚያ ሰው ወረቀት ቀለም ያሳልፋል፤ ግን ማንም ወደ ኋላ ገጽ ስለማይመለከት ችግር የለውም።

ጥቅምት ላይ መሬቱ ሲጠነክር ይታክቱ፣ ትርንጎና አንዳርጌ ካቡ ጋ ወረዱ። አንዳርጌ መሠረቱን ከአለቱ ጀምሮ እየቆፈረ፣ ሴቶቹ ድንጋይ እያቀበሉት ሥራ ጀመሩ። መንገደኛ እየቆመ ያያቸዋል።

"ምንድን ነው የምትሠሩት?"

"ካብ።"

"ዕቅድ ነው?"

ይታክቱ መጀመሪያ ድንጋይ ማቀበሏን ትቀጥል ነበር። ነገ ብትል ደግሞ ለሽምግልና ሊጠሯት ነው። በኋላ አንድ ቀን እጁን ኋላው አድርጎ ለረጅም ሰዓት ሲያያቸው የዋለውን አናጢ ቀና ብላ አየችውና እንዲህ አለችው፦

"የእኛን ማታ ታየዋለህ። ይልቅ አንተ ከእራት በኋላ ምን ልትጽፍ ነው?"

"እ... እኔማ..."

"ሴት ድንጋይ ስትሸከም ቆሞ ማየት? እሱን ነበር ያቀድከው?"

አናጢው ወደ ወንዙ አየ፤ ወደ ኋላው አየ። እውነተኛ ሰው ነው፤ ያልሆነውን አይጽፍም። ያለው አማራጭ አንድ ብቻ ነበር፤ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ አነሳ። በማግስቱ ሁለት ሰው ጨምሮ መጣ፤ እነሱም ማታ የሚጽፉት ስላሳሰባቸው ነው። በሳምንቱ አባባ ይርዳው በምርኩዛቸው መጥተው፣ ድንጋይ ባይችሉ የውኃ ቅል ይዘው ለሠራተኛው አደሉ፤ ለይታክቱ ሲደርሱ ቅሉን በሁለት እጃቸው ሰጧት። ሰው እየበዛ ሲሄድ ሥራው ለሁሉም አልዳረስ ብሎ ግፊያ ሆነ።

በመጨረሻ አቶ ልሳነወርቅ መጡ። ኮታቸውን አውልቀው ለጸሐፊያቸው ሰጡ፤ አንድ ድንጋይ መርጠው፣ ከወገባቸው ብዙ ሳይጎብጡ አንስተው ካቡ መሐል አስቀመጡት። እዚያው ቆመው አጀንዳቸውን አወጡ፤ እራት ገና ቢሆንም ሹም ናቸው።

አንዳርጌ ድንጋዩን ዙሪያውን አየው። "ጌታዬ፣ ይሄ ድንጋይ አልተቀመጠም። ሆዱ ወደ ላይ ነው። ውኃ ያስገባል።"

"ተጽፏል" አሉ አቶ ልሳነወርቅ።

"ላንሳውና ላገላብጠው?"

"ከተጻፈ በኋላ?"

አንዳርጌ ሚስቱን አያት። ሚስቱ ትከሻዋን ነቀነቀች። ድንጋዩ እንዳለ ተተወ፤ ግንቡ በላዩ ተካበ።

በሚቀጥለው ክረምት ወንዙ እንደ አምናው ሞላ፤ ከአምናውም ባሰ የሚሉ አሉ። ሰው ሁሉ ዳገቱ ላይ ቆሞ አየ። ካቡ ያዘ። በአንድ ቦታ ብቻ፣ የሹሙ ድንጋይ ባለበት፣ እንደ ቧንቧ ቀጭን ውኃ ወደ ውስጥ ይንቆረቆር ነበር። የክንውን መሥሪያ ቤት በዚያው ማታ ከእራት በኋላ መግለጫ አወጣ፤ ውኃው የገባው የታችኛውን ሠፈር ጓሮዎች ለማጠጣት አስቀድሞ በተያዘ ዕቅድ መሆኑንና አፈጻጸሙም መቶ በመቶ እንደሆነ ገለጸ።

ውኃው የሚወርደው የእልፍነሽ ቤት በነበረበት ቦታ ላይ ነው። ትርንጎ ቦዩን በእጇ አቃንታ ጎመን ተከለችበት። መስከረም ላይ ለይታክቱ አንድ እቅፍ ቆርጣ ላከችላት፤ እኔም ከዚያው ደርሶኛል። ጎመኑ፣ እውነት ለመናገር፣ ጥሩ ነበር።